የዘንዶው የመሃል ራስ

ዘንዶ መሳል ቀላል ነው። ቅርፊቱን እንደ ቆርቆሮ ጣራ መደርደር፣ ጅራቱን ማጠማዘዝ፣ ከአፉ እሳት መልቀቅ፣ አለቀ። የሚከብደው ፊቱ ነው። ፊት የሌለው ዘንዶ የውሃ ቱቦ ነው። ፊት ደግሞ ከባዶ አይመጣም፤ ከአንድ ሰው ላይ መነሳት አለበት። ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ አጠገብ፣ ሰባተኛ ሰፈር ተቀምጬ ጭራቅ፣ ጅኒ፣ ክንፍ ያለው ፈረስና ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት ስስል የኖርኩ ስለሆንኩ ነው። ሌላዋ ሴት በእኔ ዕድሜ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ታሳያለች። እኔ የማሳየው ቀንድና ጥፍር ነው።

የሳልኳቸው ጭራቆች ሁሉ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ለተረት መጽሐፍ ሕፃን የምትበላ አሮጊት ስዬ ነበር። እሷ የድሮ አከራዬ ናት። እንጀራ መጋገሪያ ሰዓት ጠብቃ ውሃ ትዘጋብን ነበር። ሕፃን በልታለች አልልም። ፊቷ ግን አይከለክላትም።

ይህ ቂም አይደለም፤ የሥራ ዘዴ ነው።

ዘዴውን ያስተማረኝ ጋሼ ዘርጋው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በራሴ ጽሑፍ ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል። በወጣትነቴ የተቀጠርኩት እሱ ቤት ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የፀጉር ቤት ሥዕል፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የመጣ ሁሉ እዚያ ይሠራል። ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ፊደል ይጽፋል፣ አንዱ ጀርባውን ይቀባል፣ ፊት የእኔ ነበር። ሰውም ሆነ ሰይጣን፣ ፊት ካለው ወደ እኔ ይመጣል። ሁሉም ሲያልቅ ጋሼ ዘርጋው ከጓዳ ይወጣና ቀጭኗን ብሩሽ ከጆሮው ላይ አንስቶ፣ የታችኛውን ከንፈሩን አሹሎ፣ ከሥዕሉ ግርጌ «ዘርጋው» ብሎ ይፈርማል። በየቤቱ ልማዱ ይኸው ነበር፤ ተማሪ ይስላል፣ መምህር ይፈርማል።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ዓይን እኮ የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ዓይኑን አንቺ ሳልሽው» አለኝ፣ ብሩሹን እየጠረገ። «ማየቱን ያስተማርኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቤት ከወጣሁም በኋላ መልሱን ስፈልግ ኖሬአለሁ። አንዳንዴ ሽንኩርት እየከተፍኩ የመጣልኝ ይመስለኛል፤ ድስቱ ሲጣድ ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ ጋሽ ኑሩ የሚባል ጨዋ ሰው አለ። ልጁ ሐያት ከአባቷ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል መጽሐፍ ማሳተም ጀመረች። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣች። የያዘችው ታሪክ ከመርካቶ ሥር ስላለች ከተማ ነው። ከተማዋን የሚገዛት ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ሲሆን ከገበያው የሚጠፋ ዕቃ ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል። የመርካቶ ሰው ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ይህን አያምንም። ግን ልቦለድ ነው።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ መጀመሪያ በኮምፒውተር ሞክሬ ነበር» አለችና ታብሌቷን ሰጠችኝ። «በቃል ሲነግሩት ራሱ ይስላል።»

አየሁት። ያብረቀርቃል። ጡንቻው እንደ ጂም አሠልጣኝ ነው። ሰባት ራስ ብላ ብታዝዘው ስድስቱን አንገት ላይ ተክሎ ሰባተኛውን ጅራቱ ጫፍ ላይ አድርጎታል።

«ያምራል» አልኳት። «ታዲያ እኔ ምን ላደርግልሽ?»

«ማንንም አያስፈራም። ለወንድሜ ልጆች ባሳያቸው፣ ‹ይሄን ጌም ላይ ገድለነዋል› አሉኝ።»

«ማንንም ስለማይመስል ነው» አልኩ። «ማንንም የማይመስል ነገር ማንን ያስፈራል?»

እሠራለሁ አልኳት፤ አንድ ነገር ግን አስገባሁ። ስሜ ይውጣ። ከውስጥ ገጽ በደቃቃ ፊደል፣ ከጀርባ ከዋጋው አጠገብ አይደለም። ከፊት፣ ሰው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ቢመጣ እንኳ በሚያነበው መጠን። ስንት ሽፋን ስዬ አንዱም ላይ ስሜ የለም፤ ከጋሼ ዘርጋው ቤት ከወጣሁ በኋላም አሳታሚው ሁሉ «ቦታ ጠበበን» ይለኛል። ለደራሲው ፎቶ ቦታ አይጠብም።

«ችግር የለም እትዬ!» አለች።

የዛሬ ልጆች «ችግር የለም» ሲሉ እኔ ችግሩ በየትኛው በር እንደሚገባ ማየት እጀምራለሁ።

ሰባት ራስ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ሰው ይሞላልኝ ይሆን ብዬ ነበር የሰጋሁት፤ ቆጥሬ ሳበቃ ጭንቀቴ ማንን ልተው ሆነ። ደራሲው ትንሽ እጁ ቢፈታና ዘጠኝ ራስ ቢጽፍ ምን ነበረበት? የግራ ዳሩን ራስ ለባሌ እህት ሰጠኋት፤ ባሌ በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ሳይነሳ የቡፌውን ቁልፍ የጠየቀችኝ ሴት ናት። ከእሷ ቀጥሎ «ሴት ልጅ አበባ ትሳል እንጂ ዘንዶ ምን ያደርግላታል» ያለኝን የሥዕል መምህር አስቀመጥኩ። ሌሎቹን አልዘረዝርም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። የመሃሉ፣ ትልቁ፣ ዘውድ የደፋው ራስ ግን ጋሼ ዘርጋው ሆነ። አንዱን ቅንድቡን ሰቀልኩለት። የታችኛውን ከንፈሩን ልክ ሲፈርም እንደሚያሾለው አድርጌ አወጣሁት። እንደዚያ ሳምንት ብሩሽ በእጄ ተደስቶ አያውቅም።

ሐያት ሥዕሉን ተቀብላ ራሶቹን አንድ በአንድ አየች። ቀጥላ፣ «እትዬ፣ እነዚህን ሰዎች የማውቃቸው ይመስለኛል» አለች።

ደስ አለኝ። ጥሩ ጭራቅ ማለት ያየው ሁሉ «የት ነው የማውቀው?» የሚለው ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ የሚመጣውን አውቅ ነበር። አላሰብኩም።

ሐያት ሥዕሉን ግድግዳ በሚያህል ባነር አሳትማ፣ «በቅርቡ ይጠብቁ» አስጽፋበት፣ ከአባቷ ሱቅ ፎቅ ላይ ሰቀለችው። ስሜ ገና አልወጣበትም፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ ነው የሚታተመው። የሰቀለችው ሐሙስ ነው። በማግስቱ ዓርብ ነው። ዓርብ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ጁምዓ ሰላት ሲያበቃ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ በዚያ ሥር ያልፋል።

ከሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ። ሰዎች መጥተዋል።»

«ሊገዙ?»

«ሊጣሉ።»

በጋሪውና በተሸካሚው መሃል እየተጋፋሁ ደረስኩ። ሱቁ በር ላይ እትዬ ብርቄ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። እትዬ ብርቄ በርበሬ ነጋዴ ናት።

«ይህቺ የግራዋ ማናት?» ትላለች። «እኔ አይደለሁም? አፍንጫዋን እዩልኝ! የእናቴ አፍንጫ ነው! ሟቿን እናቴን ዘንዶ ላይ ሰቀሏት!»

እኔ እትዬ ብርቄን የማውቃት በርበሬ ስገዛ ነው። በርበሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስነጥስ የሻጯን አፍንጫ የት ያያል?

ከእሷ ጀርባ ጋሽ ሸምሱ አለ፤ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ነው። እሱ አልጮኸም። የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበረው።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለ። «ከዳር ሁለተኛው እኔ ነኝ። ይሁን። ዘንዶ ብትሉኝ አልከፋም፤ ነጋዴ ነኝ፣ ከዚህም የባሰ ተብያለሁ። ግን ለምን ዳር? ይሄን ሁሉ ዘመን በዚህ ገበያ ቆሜ ዳር ነው የምቀመጠው? ያ መሃል ላይ ዘውድ ደፍቶ የተጎለተው ማነው?»

ብሬ የሚባለው ደላላ ወዲያው ክንዱን ያዘው። ብሬ ሁለት ሰው ሲነጋገር ካየ መሃሉ ካልገባ አያድርም። «ጋሽ ሸምሱ፣ ለኔ ተውልኝ። የመሃሉን ራስ አስለቅቅልሃለሁ። ሰውዬውን አነጋግረዋለሁ፤ ሱቅ ይለቀቅ የለም እንዴ? ራስ ምን ይከብዳል?»

ጋሽ ኑሩ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ እየቆጠረ ወደ ልጁ ዞረ። «ሐያት፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ደንበኛዬን ዘንዶ ነህ ብዬ ጨርቅ ግዛኝ አልለውም። አንድ ነገር አድርጊ።»

ሐያት እኔን ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

«እትዬ፣ ሥዕሉን አልቀይረውም፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ግን ስምዎን ብናነሳውስ? ሰው ማን እንደሳለው ካላወቀ ማንን ይጣላል? ለእርስዎም ሰላም ነው።»

ለእኔም ሰላም። ይህን ሰላም አውቀዋለሁ። ስሜ በቀረ ቁጥር ሰላም ነበርኩ። እንደኔ ሰላም የሆነች ሠዓሊ አዲስ አበባ ውስጥ አትገኝም።

«ላስብበት» አልኳትና ሄጄ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ በሁለት ጣቃ መሃል መንገዱ ይታየኛል።

የታየኝ ጋሼ ዘርጋው ነበር።

አርጅቷል። ከዘራ ይዟል። ያ ቤቱ ባነር ማተሚያ ማሽን የመጣ ጊዜ ተዘግቶ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። በእጅ የተሳለ ነገር ተሰቅሏል ሲባል ሰምቶ መምጣቱ ነው። ከባነሩ ሥር ቆሞ ቀና አለ። ሰውየው በሰፈሩ የታወቀ ስለሆነ ጩኸቱ ትንሽ ቀነሰ። አሁን ራሱን ያያል፣ አሁን ከዘራውን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። ዓይኑ ከመሃሉ ራስ አልተነሳም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሥዕል ሰው ነዎት» አለው ብሬ። «ይሄን ማነው የሳለው? የሚያውቅ ጠፋ እኮ።»

ጋሼ ዘርጋው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ማን ይመስላችኋል?» አለ። «እንዲህ ያለ ዓይን ከማን ቤት ነው የሚወጣው? የኔ ሥራ ነው።»

የሚገርመው፣ የዋሸ አይመስለኝም። ከቤቱ የወጣ ሁሉ የእሱ ነው፤ ቤቱ ቢዘጋ ይህ አልተዘጋም። ፊቱን ሰቅዬለት ሥራውን አወቀ፤ ፊቱን አላወቀም። ስንት ቀን የለፋሁበትን በቀል እንደ ሽልማት ተቀበለው።

እትዬ ብርቄ ግን ጊዜ አልሰጠችውም።

«እርስዎ ነዎት? ሽበትዎን አያፍሩም? አፍንጫዬ ምን አደረገዎት?»

«የምን አፍንጫ?» አለ ጋሼ ዘርጋው።

«ጋሼ፣ እኔና እርስዎ ስንተዋወቅ» አለ ጋሽ ሸምሱ። «አንድ ቀን ክፉ ተናግሬዎት አውቃለሁ? ዳር?»

«የምን ዳር? ምን ሆናችኋል እናንተ?»

«የመሃሉ ባለቤት ማነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል ብሬ።

ሰዉ ከበበው። ከዘራው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ከጣቃዎቹ ጀርባ እንዳለሁ ስንት ዘመን የተመኘሁት ሠርግ ያለ ጥሪ ካርድ ደጄ መጣልኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት አንድ ቅዱስ ቢገለጥልኝ እንኳ «ቆይ፣ ይሄን ልጨርስ» የምለው ነበር።

ሐያት አጠገቤ ተንበረከከች። «እትዬ፣ ተገላገልን! ራሳቸው አመኑ! በቃ፣ የእሳቸው ነው ብለው ይሂዱ፤ እኛ ስሙን ባዶ እንተወዋለን።»

እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁ።

ለካ እንዲህ ነው። ዱላውን ለእሱ ልተው ካልኩ ዘንዶውንም መተው አለብኝ። አንዱን ነጥዬ ልሰጠው አልችልም። ዝም ብል ያን ቀን ሙሉ ሲሰደብ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን «ያ ዘንዶ የኔ ነው» እያለ ይኖራል፤ ሰዉም ያምነዋል፤ ብርቄ ራሷ ትመሰክርለታለች።

ብድግ አልኩ። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር የተደገፍኩትን ጣቃ ይዤው ወደቅሁ። ጣቃው ቀይ ከፈይ ነበር። እየተተረተረ ከሱቁ ወለል አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ እስከ መንገዱ ተዘረጋ። እኔም ተነስቼ ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ እንደ ውጭ አገር ባለሥልጣን በቀይ ምንጣፍ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ኑሩ ሙስበሃውን መቁጠር አቆመ።

«የኔ ነው» አልኩ።

የሰማኝ የለም። አንድ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ፍራሽ ይዞ በመሃላችን አለፈ። እሱ እስኪያልፍ ጠበቅኩና ጮህኩ።

«ሥዕሉ የኔ ነው! የሳልኩት እኔ ነኝ!»

ሁሉም ዞሩ። ብሬ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እማማ፣ እርስዎ? ዘንዶ?»

«ዘንዶ።»

«ምን ማስረጃ አለዎት?»

«ማን ማን እንደሆኑ የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩና ወደ እትዬ ብርቄ ዞርኩ። «ያ አፍንጫ ያንቺ አይደለም። የባሌ እህት ናት፤ በድንኳን ውስጥ ቁልፍ የምትጠይቅ ሴት። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የሥዕል መምህር ነው፤ ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ አይደሉም።» የቀሩትንም በጣቴ እየጠቆምኩ ነገርኳቸው። ለእናንተ ያልዘረዘርኩትን ለእነሱ ዘረዘርኩ፤ ሁኔታው ያስገድድ ነበር።

«የመሃሉስ?» አለ ብሬ።

ዕድሜ ልኬን በልቤ ስለው የኖርኩትን ነገር ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ጋሼ ዘርጋው በዚያ ከንፈሩ ወደ ላይ ያያል፣ ሲፈርም እንደሚያደርገው አሹሎት። ብሬ ሥዕሉን አየ። ጋሼ ዘርጋውን አየ። እንደገና ሥዕሉን አየ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እንደ ዝናብ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ተሻገረ። ስም መጥራት አላስፈለገኝም።

ጋሼ ዘርጋው ሳቁን ሰምቶ ወደ ሰዉ ዞረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሃሉ ራስ። እጁ ሳያውቀው ከንፈሩ ላይ ሄደ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ያደርገዋል ብዬ ያልጠበቅኩትን አደረገ፤ እንደ ድሮው ሥራዬን አረመ።

«ጥርሱን አበዛሽው» አለኝ።

«እንዳስተማሩኝ ነው ያየሁት» አልኩት።

መልስ አጥቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዘራውን እየመታ ወደ ሰባተኛ አቀና። ትንሽ ሄዶ ቆመና ዞሮ አየ። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ ሥዕሉ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ከፈዩን መጠቅለል ጀመርኩ።

«ቆይ እስቲ» አለች እትዬ ብርቄ። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደለሽም አልኩሽ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን?»

«አፍንጫዬ ምን ጎደለው? ይሄን ሁሉ ዘመን በርበሬ ስሸጥልሽ፣ የባልሽን እህት ሰቅለሽ እኔን ዘለልሽኝ?»

ጋሽ ሸምሱ ፊቱ ተለዋውጧል። ከንዴት ወደ ሐዘን ያለፈ ነው። «ዳሩም የኔ አይደለም?» አለኝ። «ጭራሽ የለሁበትም?»

ሰዎቹ ተስለናል ብለው ከተቆጡት ቁጣ ይልቅ አለመሳላቸውን ሲሰሙ የባሰ ተቆጡ። ከኋላ የነበሩትም «እኔስ?» እያሉ ወደፊት መጡ። በሰባት ራስ ምክንያት መጥቼ ለመላው ገበያ መልስ ሰጪ ሆንኩ። ብሬ ወዲያው የተበዳዮች ወኪል ሆኖ እስክሪብቶ አወጣ።

«እማማ፣ ስምዎን ይንገሩን። ወደ ሽማግሌም ቢኬድ ወደ ክስ፣ ማንን ነው የምንለው?»

ነገርኩት። ለክሱ እንዲመች ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኩት። ፊደሉን እንዳይስት ሁለቴ ደገምኩለት። ሐያት ሰማች፤ ስምዎ ይነሳ ብላ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ክስ የመሠረተ የለም። ጋሽ ኑሩ ባነሩን አላወረደውም፤ ዘንዶውን ሊያይ የመጣ ሰው ጨርቅ ይነካል፣ ጨርቅ የነካ ሰው ይገዛል። መጽሐፉ ወጣ። ስሜ ከፊት አለ። ሐያት ፊደሉን ትንሽ አሳንሳዋለች፤ ይህንንም አልረሳሁላትም። ጋሼ ዘርጋው «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» እያለ ነው አሉ። ይበል፤ እውነት ነው።

እትዬ ብርቄ ግን ይቅር አላለችኝም። አሁንም በበርበሬ ተራ ባለፍኩ ቁጥር ከወንበሯ ተነስታ፣ ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብላ ጠርታ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ ትረግመኛለች። ሰዉም ዞሮ «እሷ ናት እንዴ ያን ዘንዶ የሳለችው?» ይባባላል። እኔ ቶሎ ማለፍ እችል ነበር። ግን ስሜን እስክትጨርስ ድረስ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው።